ያልተቆጠረው ሰባት ቤት

አሲልካን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ሻዩን ሰረዘችው። ሰባ ሁለተኛው ነበር። ልቦለዷ ውስጥ ሰው ሁሉ ሻይ ይጠጣል። ሐዘን ሲደርስ ይጠጣል፣ ፍቅር ሲጀምር ይጠጣል፤ በውሃ የተጣሉት ጎረቤታሞች እንኳ ድንጋይ ከመወራወራቸው በፊት አንድ አንድ ኩባያ ይጠጣሉ። ስትጽፈው አልታወቃትም። አራት ዓመት በትምህርት ቤት ደብተር ጽፋ፣ ልጇ በኮምፒዩተር ገልብጣላት፣ ሦስት መቶ አርባ ገጽ ሆኖ በወረቀት ከወጣ በኋላ ጮክ ብላ ስታነበው ነው የገዛ ጆሮዋ የታዘባት።

"ደግሞ የማንን ኩባያ ነጠቅሽ?" አሉ አማቷ ኡምሱናይ፣ ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

"የአይዛዳን አጎት። መልእክት ነግሮ ሊሄድ ለአንድ ደቂቃ ነው እኮ የመጣው፣ እማማ።"

"ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ሰው ቤት ገብቶ አፉን ሳያረጥብ ወጣ ሲባል አንባቢው ምን ይላል? ይቺን ያሳደገቻት የማን ቤት አማት ናት ይላል። የምሰደበው እኔ ነኝ።"

"ጠጥቷል፤ እኔ አልጻፍኩትም እንጂ።"

"አንባቢው በምን ያውቃል?"

አሲልካን እየሳቀች ገጹን ገለበጠች። የከብት መድኃኒት መሸጫዋ የቤታቸው የፊት ክፍል ናት። በአንድ ወገን መደርደሪያው ላይ የመርፌ ብልቃጥና የትል መድኃኒት ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን አማቷ ምድጃ እየሞቁ ይውላሉ። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። የመጋቢት መጨረሻ ነው፤ በጎች የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ደንበኛ አይጠፋም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ልቦለዷን ታርማለች።

እርማቱን ከመጻፉ የበለጠ ወዳው ነበር። መጀመሪያ እርማት ያስፈልገዋል ሲሏት አላመነችም። የከተማው አርታኢ ኬኔሽ ረቂቁን አንብቦ በአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ "ልብ አለው፤ ነገር ግን ወፍሯል። አርባ ገጽ ካልቀነስሽለት መራመድ አይችልም" ብሎ ሲመልስላት ሁለት ቀን እህል አልወርድ ብሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጀመረችው። ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ምዕራፍ መሆኑ ሲገባት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውጥታ ጣለች። ሁለት ወሬኛ ጎረቤቶችን አንድ ሰው አደረገቻቸው። ሠላሳ አንድ ጊዜ የወረደውን በረዶ ወደ ዘጠኝ አወረደች። የበግ ሰኮና እንደ መከርከም ነው፤ ትንሽ ከቀነሱለት ያነክሳል፣ ብዙ ከቀነሱለት ይደማል። ይህን ሥራ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሠርታበታለች።

ዛሬ ያልቃል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚኒባስ ሹፌሩ ኩባት በራቸው ላይ ቆሞ ፖስታውን ይዞላት ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቢሽኬክ ይሄዳል። ኬኔሽ ሽማግሌ ነው፤ በወረቀት ካልሆነ አያነብም። ነገ እጁ ከገባ መጽሐፉ ዘንድሮ ከሚታተሙት ጋር ይሰለፋል፤ ካልገባ ለሚመጣው ዓመት ነው። ዓመቱ ለአሲልካን ብዙ አልነበረም፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ኡምሱናይ ግን ሰማንያ ስድስት ሞልቷቸዋል። ከደብተሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ምዕራፍ የሰሙ እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው፣ ሽፋኑን በመዳፋቸው አብሰው እንዲያዩት ትፈልጋለች። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ የምትሮጠው ለዚሁ ነበር።

በሩ ተከፈተና እረኛው ማምቤት ባርኔጣውን እያወለቀ ገባ።

"እህት አሲልካን፣ እንግዴ ልጁ አልወርድ ያላት በግ አለችኝ።"

"ከወለደች ስንት ሰዓቷ ነው?"

"ትናንት ማታ ነው።"

"እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር?" መርፌውንና ብልቃጡን አውጥታ ሰጠችው። "አሁኑኑ ውጋት። በእጅህ እንዳትጎትተው።"

"እሺ። ያንቺስ? ወለደ?"

"ዛሬ ይሄዳል።"

ማምቤት ወረቀቱን በጎን ዓይኑ እያየ አገጩን አከከ። "እኔ አለሁበት?"

"የለህም።"

"ፈረስ ሌባ አለበት ሲሉ ሰማሁ።"

"እሱ አንተ አይደለህም።"

"እኔማ መቼ አልኩ፤ ሚስቴ ናት። አፍንጫው ትልቅ ነው አሉ።"

"አፍንጫውን ቀንሼለታለሁ።"

"አላህ ይስጥሽ" አለ ማምቤት ከልቡ፤ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ኡምሱናይ፣ "ሙሽራዬ፣ እስቲ ነይ" አሏት። በዚህ ቤት ከገባች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ለእሳቸው ሙሽራ ናት። "ነይና ይህን ቁጠሪልኝ።"

አሮጊቷ ሁለተኛውን ቅጂ ወስደው በአጉሊ መነጽር ሲያነቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ የጨረሱት ትናንት ነው። አሁን ሥጋው ተበልቶ የቀረውን የአፕሪኮት ፍሬ በትንሹ ጠረጴዛቸው ላይ በሁለት ረድፍ ደርድረውታል። አሲልካን ጠዋት ስታያቸው ጊዜ ማሳለፊያ መስሏት ነበር።

"ይሄኛው ረድፍ ታላይ ነው" አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። ታላይ የልቦለዱ ወጣት ነው፤ የታችኛው መንደር ልጅ። "ምዕራፍ ሦስት ላይ አባቶቹን ሲቆጥር ጽፈሻል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ማን ነው?"

"ኮጆማት። ቦዩን የቆፈረው።"

"ደግ። ይሄኛው ረድፍ ደግሞ አይዛዳ ናት፤ የላይኛው መንደር ልጅ። ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ላይ አያቷ ያወራል። 'አያቴ ሕፃን ሳለ በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ የእጁን ጠባሳ ዳስሷል' ይላል። የማንን እጅ ነው?"

አሲልካን መልሱን ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ወደ ፍሬዎቹ አየች።

"ቁጠሪዋ" አሉ ኡምሱናይ።

ቆጠረች። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለች ጣቷን ከፍሬ ወደ ፍሬ አሻገረች። ስድስተኛው ላይ ቆመች። አሮጊቷ ከሁለቱ ረድፎች ጫፍ አንድ አንድ ፍሬ አነሱና፣ በምትካቸው አንዲት ትልቅ ፍሬ በመካከል አስቀመጡ። ሁለቱ ረድፎች ከአንድ ራስ የወረዱ ሆኑ።

"ሰባት ቤት አልሞሉም። ወንድምና እህት አጋባሽ፣ ልጄ።"

አሲልካን በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ምዕራፍ ሦስትን የጻፈችው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አሥራ ዘጠኝን በሦስተኛው። ኮጆማትን ትወደዋለች። አሥራ አንድ ዓመት በድጅኖና በእንጨት አካፋ ተራራውን እየፈለፈለ የበረዶውን ውሃ ወደ ታች ያወረደው እሱ ነው። ስትወደው ጊዜ ለአንዱም ሰጠችው፣ ለሌላዋም ሰጠችው። አምስት ዓመት ሳይሞላት ሰባት አባቶቿን በቃሏ ትቆጥር የነበረች ሴት፣ በዚህ አገር ማንም የማይሳሳተውን ተሳሳተች።

ሽማግሌ የተላከበትን ምዕራፍ አወጣች። ሽማግሌዎቹ ለልጅቷ ሲመጡ ምን ብላ እንደጻፈች ልታይ ፈለገች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "እንደ ወጉ ጠየቁ፣ እንደ ወጉም ተመለሰላቸው።" ከዚያ በቀጥታ በጉ ይታረዳል። ይህን የማያውቅ የለም ብላ ዘልላዋለች። ብትጽፈው ኖሮ ልጁ አባቶቹን ሲቆጥር ገና ስድስተኛው ላይ እጇ ይቆም ነበር።

ባሏ ኢሼን የአፕሪኮት ዛፎቹን ሲገርዝ ቆይቶ መጋዙን ይዞ ገባ። የሁለቱን ፊት አየና "ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም። ሚስትህ ዘመድ አጋብታ ነው" አሉ እናቱ። ነገሩን አስረዱት። ቆሞ ሰማና መጋዙን ከበሩ ኋላ አስደገፈ።

"ይሄ ነው? የአንዱን ስም ቀይሪዋ።"

"ቦዩንስ?" አሉ እናቱ። "አንድ ቦይ ሁለት ሰው ቆፈረው?"

"ሁለት ቦይ ይሁን።"

"ሁለት ቦይ ካለ" አለች አሲልካን ቀስ ብላ፣ "ሁለቱ መንደሮች በምን ይጣላሉ? ሁለቱም የአያታችን ነው ስለሚሉ እኮ ነው ጠቡ። መጽሐፉ በሙሉ እሱ ነው።"

ኢሼን አሰበ። "እንግዲያው ሰውየውን ወደ ኋላ ግፊው። ስምንተኛ አድርጊው፤ ያኔ ይጋባሉ።"

"ስምንተኛ ከሆነ የሽማግሌው አያት እንዴት አድርጎ ጉልበቱ ላይ ይቀመጣል?"

"ጉልበቱን አውጪው።"

"ጠባሳው የሚዳሰስበት ቦታ ላይ እኔ አልቅሻለሁ" አሉ ኡምሱናይ። "ማንም አይነካውም።"

"እንግዲህ እኔ የማውቀው ዛፍ ነው" አለ ኢሼን፤ ከድስቱ ሥጋ ቆርጦ እየበላ ተመልሶ ወጣ።

አሲልካን ለኬኔሽ ደወለች። ስልኩ ላይ የሌላ ሰው ሳልና የወረቀት መንኮሻኮሽ ይሰማል። ነገሩን ስትነግረው ሳቀ።

"አሲልካን፣ አሁን ማን ይቆጥራል? የከተማ አንባቢ የሁለተኛ አባቱን ስም ቢያውቅ ትልቅ ነገር ነው። ምዕራፍ ሦስትንና አሥራ ዘጠኝን አቀራርቦ የሚያይ ማን አለ?"

"አማቴ አይተዋል።"

"አማትሽ ስንት መጽሐፍ ይገዛሉ?"

"አንድ።"

"እንግዲህ።" ከዚያ ድምፁ ቀዘቀዘ። "ስንተኛው ላይ ነው የሚገናኙት አልሽኝ?"

"ስድስተኛው።"

ኬኔሽ ራሱ ከዚሁ ሐይቅ ዳር የሄደ ሰው ነው። "አይ፣ ምነው ባልነገርሽኝ" አለ። "ስሚኝ። ከላክሽው አሳትመዋለሁ፤ እኔ አልሰማሁም። ካልላክሽው ግን ዘንድሮ አይደርስም፤ ለሚመጣው ዓመት ነው። እኔ ላስገድድሽም ልከለክልሽም አልችልም። የመጽሐፉ እናት አንቺ ነሽ።"

ስልኩን ዘጋችው። ሰባት ሰዓት አልፏል። ሦስት መቶውን ገጽ አስተካክላ ጫፍ ለጫፍ ገጠመችው። ከላይ የሠርጉ ምዕራፍ ነበር፤ ሃያ ሁለት ገጽ ዘፈንና ሥጋ፣ ስትጨርሰው ያለቀሰችበት። እርማቱ በወሰደው ሦስት ወር ውስጥ ከሌላው ሁሉ አብልጣ የታገለችው ከእሱ ጋር ነው። ዘፈኑን ብታሳጥረው አላማረም፤ እንግዳውን ብትቀንሰው አላማረም። እንዲያው ያነክስ ነበር። አሁን ለምን እንደሚያነክስ ገባት፤ ግን ደስ አላላትም።

"ሊለያዩ ነው ማለት ነው" አለች። "አንድ ላይ ላመጣቸው ሦስት መቶ ገጽ ለፍቼ።"

"መለያየትን ማን አመጣው?" አሉ ኡምሱናይ። ፍሬዎቹን በጣታቸው እያቃኑ ነበር። "ይዛመዳሉ እንጂ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከላይኛው ሸለቆ አንድ ሰው እኔን ለትዳር ሊጠይቅ መጣ።"

አሲልካን ቀና አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሰምታ አታውቅም።

"መልከ መልካም ነበር። ብዙም አይናገር፤ ሲስቅ ግን ቤቱን ይሞላዋል። በሰው በሰው ስንላላክ አንድ ክረምት አልፎ ነበር። አጎቱን ይዞ መጣ፤ አባቴ በክብር አስገባቸው። ከበሉ በኋላ አባቴ፣ እንግዲህ ልጄ፣ አባቶችህን ቁጠርልን አለው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ይቆጥራል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሚቆጥር፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ የአባቴ እጅ ጢሙ ላይ ቆመች። ስድስተኛውን ሲጠራ፣ እናቴ ከአጠገቤ 'ወይኔ ልጄ' አለች። የእኛም ስድስተኛ እሱ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባቴ ተነሥቶ አቀፈው። 'የጠፋውን የወንድሜን ልጅ አገኘሁ' አለው። ሌላ በግ አሳረደ። ለሙሽራ ሳይሆን ለዘመድ።"

"እርስዎስ? አላዘኑም?"

"በጎች የሚወልዱበት ጊዜ ነበር፤ መቼ ጊዜ ኖሮኝ።" አንዲቷን ፍሬ በጣታቸው ገፋ አደረጉ። "ሌሊት ሌሊት ትንሽ። በዓመቱ እዚህ ቤት ስዳር ከወንድሞቼ ጋር ተሰልፎ መጣ፤ እንደ ወንድም ስጦታ ይዞ። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ሲሞት ደግሞ በዘመድ ወግ አለቀስኩለት፤ እየጮኽኩ፤ ማንም ምን ነካት አላለኝም። ባዕድ ቢሆን እንዲያ አድርጌ አለቅስለት ነበር?"

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰበረ። አሲልካን የሠርጉን ምዕራፍ አየችው። አይዛዳ በገጽ ሁለት መቶ ዘጠና ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ ሰው ሁሉ ይዘፍናል፤ አንድም ሰው ግን ምንም አልጠየቃትም።

ከውጭ የኩባት ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። ቀድሞ መጥቷል።

"እማማ" አለች አሲልካን ሳትነሳ፣ "ዛሬ ካልላክሁት ለሚመጣው ዓመት ነው።"

"ሰምቻለሁ። የስልክሽ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"ለሚመጣው ዓመት እኮ..."

ኡምሱናይ አዩዋት። የምትሸሸውን ነገር አገኙት። "እኖራለሁ አልኖርም ብለሽ ነው? እብድ። እኔ እኮ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሰምቼ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያልተዋጠልኝ ሠርጉ ብቻ ነው፤ እሱን አላመንኩትም።"

ጡሩንባው እንደገና ተነፋ። አሲልካን ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ባዶ እጇን ወጣች። ኩባት በመስኮቱ ክንዱን አውጥቶ ይጠብቃል፤ ከኋላው ተሳፋሪዎች ተጨናንቀዋል።

"ፖስታውስ?"

"አላለቀም።"

"ጠዋት ስደውል አልቋል አላልሽኝም?"

"ጠዋት አልቆ ነበር።"

ኩባት ይህን ለመረዳት ትንሽ ሞከረና ተወው። "ታዲያ ልጠብቅሽ?"

"ስንት ትጠብቀኛለህ?"

"ለአንቺ ሲባል አምስት ደቂቃ።"

"እስከ መስከረም ብትጠብቅም አይበቃኝም" አለች። "ሂድ፣ በሰላም ግባ።"

"ሴትዮዋ ሂድ ካለች ንዳዋ፣ እኛ ልጅ ትተን ነው የመጣነው" አለች ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ። ኩባት ማርሹን አስገባ። ሚኒባሱ የሐይቁን ዳር ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ አሲልካን በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከባድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር። የተሰማት ግን ሌላ ነው፤ የቆመ ሥራ ዳግም ሲጀመር የሚሰማ፣ እጅ የሚያሳክክ ነገር።

ገብታ የሠርጉን ሃያ ሁለት ገጽ ከክምሩ ላይ አነሣች። አልቀደደችውም። ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ ላይ አደረገችና ከአማቷ ጠረጴዛ ጥግ፣ ከፍሬዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጣ ሰማያዊውን ያዘች። በመጀመሪያው መስመር ላይ የአይዛዳን አባት እንዲህ አስባለችው፤ "እንግዲህ ልጄ፣ አባቶችህን ቁጠርልን።" ታላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም፤ አንድ በአንድ አስቆጠረችው።

ስድስተኛውን ከጠራ በኋላ፣ እቅፉም ካለፈ በኋላ፣ እንግዶቹ የሚወጡበት ቦታ ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

"እማማ፣ ያ ሰውዬ የዚያን ዕለት ሲወጣ ፈረሱን ማን ያዘለት?"

ኡምሱናይ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ኢሼን ከአጥሩ ኋላ ቅርንጫፍ ሲጥል ይሰማል።

"እኔ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሴት ልጅ አታደርገውም። አባቴ አየኝ፤ እንዳላየ ዞረ።"

አሲልካን ጻፈች። አሮጊቷ አጉሊ መነጽራቸውን አንሥተው በትከሻዋ በኩል አጎነበሱ፤ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

"ስሜን እንዳታስገቢ።"

"አላስገባም።"

"ፈረሱ ግን ዳማ ነበር" አሉ ኡምሱናይ። "እሱን ጻፊው።"